አሥራ አንዱ የፈተና ደብተሮች፦ የመምህርት ስሜነሽ ተገኘ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ስሜነሽ ተገኘ ከአባታቸው ከአቶ ተገኘ መርሻ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ መንበረ አድማሱ በቀድሞው የጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በወገራ አውራጃ፣ በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን የጻፈ ሰው የለም። እናታቸው «ባቄላው ሲያብብ ነው የወለድኳት» ይሉ ነበር። እስራኤል ሲገቡ የመዘገበቻቸው ጸሐፊ ስለ ባቄላ ለመስማት ጊዜ ስላልነበራት ጃንዋሪ አንድ ብላ ጻፈችላቸው፤ ስማቸውንም «ሲማ» አለችው። ስሜነሽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሊያስረዷት ሞክረው ነበር፤ የዚያን ቀን የነበራቸው ዕብራይስጥ ግን ለዚያ አልበቃም።

አባታቸው ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት መላኳ የጎረቤት ወሬ ሆኖ ሳለ «ብረት የሚቀጠቀጠው ሲግል ነው» ብለው የበኩር ልጃቸውን ላኩ። መምህርት ስሜነሽ እስከ ስድስተኛ ክፍል በመንደራቸው ከተማሩ በኋላ ጎንደር ከተማ አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው ሰባተኛ ክፍል ገቡ። በዚያ ዓመት ትምህርቱ ሁሉ በአንድ ቀን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። የሳይንስ መምህሩ በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ፣ በእንግሊዝኛ ይቆጣሉ፤ ተማሪው ለምን እንደተቆጡት እንኳ አይገባውም። ከአርባ ሁለት ተማሪዎች ዓመቱን የጨረሱት አሥራ ዘጠኝ ናቸው። መምህርት ስሜነሽ የቀሩትን የሃያ ሦስቱን ስም እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ በቃላቸው ይጠሩት ነበር። «ሰነፎች አልነበሩም፤ ቋንቋ ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜ የሰጣቸው ግን የለም» ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ ሁልጊዜ ድምፃቸው ከፍ ይል ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ከጎንደር የመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው ዳባት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተማሩ። በ1976 ዓ.ም. እንደ ብዙው ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ለመሻገር ከታናሽ ወንድማቸው ከአበሩ ጋር ወደ ሱዳን ተጓዙ። አበሩ በኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር በኩፍኝ ሞተ፤ በእጃቸው ቀበሩት። እዚያው ሰፈር የውሃ ወረፋ ላይ እየቆሙ ዐረብኛ ለመዱ፤ ውሃ የሚያገኘው መጠየቅ የሚችል ሰው ነበርና። እዚያው ወረፋ ላይ ከሽሬ ከመጡት ከአቶ ማሐሪ ገብረሥላሴ ጋር ተዋወቁ። የአቶ ማሐሪ ቤተሰብ የሚናገረው ትግርኛ ስለነበር እሱንም ጨመሩበት። «ከአማቴ ጋር በደንብ ለመጣላት ነው የተማርኩት» እያሉ ያስቁን ነበር።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 መጨረሻ ወደ እስራኤል ገቡ። በማግሥቱ ዓመት ተጋቡ፤ በ1986 በአሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ቫቭ በሚባለው ሰፈር፣ መኖሪያ ተሰጣቸው። አቶ ማሐሪ በአሽዶድ ወደብ ኮንቴይነር ሲያስሩና ሲፈቱ ሠላሳ ዓመት ሠሩ። መምህርት ስሜነሽ የመጀመሪያ ልጃቸውን ዘሃቫን አርግዘው በኡልፓን፣ ለአዲስ ገቢዎች በተዘጋጀው የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ዕብራይስጥ ተማሩ። ወንበሩ ለሆዳቸው ስላልበቃ ቆመው ይጽፉ ነበር። ከዚያም በእንግሊዝኛ መምህርነት ለመቀጠር አመለከቱ። የተቀበሏቸው ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር ካናገሯቸው በኋላ «አነጋገርሽ ልጆቹን ያሳስታል» አሏቸው። ዘጠኝ ዓመት ያስተማሩበት ቋንቋ በሁለት ዓረፍተ ነገር አለቀ። አሥራ ሁለት ዓመት በመዋዕለ ሕፃናት ረዳት ሆነው የሌሎችን ልጆች አፍንጫ ጠረጉ። የአራት ዓመት ሕፃናት ዕብራይስጣቸውን ሲያርሟቸው አመስግነው ይቀበሉ ነበር። ማታ ማታ እየተማሩም አማርኛን በሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር የሚያበቃውን ምስክር ወረቀት በ2000 ያዙ።

በ2001 በከተማችን ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛን ለባግሩት፣ ለሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ፣ ፈተና በምርጫ ትምህርትነት ሲከፍት መምህርት ስሜነሽ ተቀጠሩ። የትምህርት ቤቱን ስም አንጠራም። እዚህ ቀብራቸው ላይ ከቆማችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ልጆቻችሁም ዛሬ እዚያ ይማራሉ። ክፍል አልነበረም ተባለና በግቢው ሚክላት ውስጥ፣ ከመሬት በታች፣ መስኮት በሌለው መጠለያ እንዲያስተምሩ ተደረገ። ሰዓቱም ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ከመደበኛው ትምህርት በፊት ነበር። ሌላው ልጅ ገና አልጋው ላይ ሳለ አማርኛ የመረጠው ልጅ ሚክላት ይወርድ ነበር።

እዚህ ላይ ልጃቸው ዘሃቫ ይህ ስለ እሷም እንዲጻፍ ፈልጋለች። በ2001 ዘሃቫ አሥረኛ ክፍል ነበረች። የገዛ እናቷን ትምህርት ትታ ፈረንሳይኛ መረጠች። እናቷ ምክንያቱን ሲጠይቋት በዕብራይስጥ «አማርኛ ምን ይጠቅማል? በአማርኛ የት ይደረሳል?» ብላ መለሰች። መምህርት ስሜነሽ በዚያ ቀን አልተቆጡም። ዘሃቫ ቢቆጡ ይሻላት እንደነበር ዛሬም ትናገራለች። ሆኖም ይህን ነገር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከራሷ አላፈለቀችውም። የክፍል አማካሪዋ ከአንድ ሳምንት በፊት ቢሮዋ ጠርታ ቃል በቃል የነገረቻት ነው።

በዚያ ትምህርት ቤት ስለ አማርኛ ሁለት ነገር ይባል ነበር፤ አንደኛው አይጠቅምም፣ ሁለተኛው ቀላል ነው። «ለኢትዮጵያውያን ልጆች ስጦታ ነው፤ ከቤታቸው ይዘውት የሚመጡት ነው» ይባላል። እውነቱን የሚያውቁት መምህርት ስሜነሽና ተማሪዎቻቸው ነበሩ። አሽዶድ የተወለደ ልጅ ከቤቱ ይዞ የሚመጣው አማርኛ «ና፣ ብላ፣ ዝም በል» ነው። ጋዜጣ ሲሰጠው አንዱን መስመር ለማንበብ ሙሉ ሰዓት ይፈጅበታል። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል አለ። ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ ለጆሮው አንድ ናቸው። በዕብራይስጥ በአምስት ቃል የሚባለው ነገር በአንዲት ግሥ ውስጥ ተጠቅልሎ ይመጣበታል። ናዖር የሚባል ተማሪ፣ አባቱ የአቶ ማሐሪ የወደብ ባልደረባ፣ በ2009 ትምህርቱን በጀመረበት በመጀመሪያው ወር ደብተሩን ዘግቶ «ካሼ ነው፣ መምህርት፤ ለእኔ በጣም ካሼ ነው» ብሎ ተነሣ። ካሼ ማለት ከባድ ማለት ነው። መምህርት ስሜነሽ «ቀላል ነው ያለህ ማነው?» አሉት። «ሁሉም ሰው።» «ሁሉም ሰው ይዋሻል። ወደብ አጠገብ የተወለደ ሁሉ መርከብ ይነዳል እንዴ? ተቀመጥ።» ናዖር ተቀመጠ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ጠዋት አልቀረም።

በጁን 2012 ናዖርን ጨምሮ አሥራ አንድ ተማሪዎች የባግሩት ፈተና ተፈተኑ። አሥራ አንዱም አለፉ። ዝቅተኛው ውጤት ሰማንያ አራት ሲሆን ናዖር ዘጠና አንድ አገኘ። መምህርት ስሜነሽ ለተማሪዎቹ ወላጆች በየቤቱ እየዞሩ እንኳን ደስ አላችሁ አሉ። በሁለተኛው ሳምንት ምክትል ርእሰ መምህሩ ጠሯቸው። ንግግሩ በዕብራይስጥ ነበር፤ ዕብራይስጥ አንቱ ስለሌለው እንደነበረ እንጽፈዋለን።

«ሲማ፣ አንድም የወደቀ የለም?»

«የለም።»

«እነዚሁ ልጆች እኮ ናቸው በእንግሊዝኛ የሚወድቁት።»

«እንግሊዝኛ እኔ አላስተማርኳቸውም።»

«የሆነ ነገር አለ። ወይ ተኮራርጀዋል ወይ ረድተሻቸዋል። ደግሞም ይህን ያህል አያስገርምም፤ የገዛ ቋንቋቸው ነው።»

«የገዛ ቋንቋቸው ከሆነ ለምን ይኮርጃሉ? ከኮረጁስ እንዴት የገዛ ቋንቋቸው ሆነ? ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አትችልም፤ አንዱን ምረጥ።»

ምክትል ርእሰ መምህሩ አልመረጡም። ጥርጣሬያቸውን በደብዳቤ ጻፉና ውጤቱ ታገደ። አሥራ አንዱ የፈተና ደብተሮች በአንድ ቡናማ ፖስታ ታሽገው በቢሮው መሳቢያ ውስጥ ተቀመጡ። ነገሩን የሚያጣራ ሰው ይመጣል ተባለ። ማን ይምጣ? በዚያ ሕንፃ ውስጥ ደብተሮቹን ከፍቶ ማንበብ የሚችል ከመምህርት ስሜነሽ በቀር አንድም ሰው አልነበረም። ማንበብ ያልቻሉትን ነገር ተኮርጇል ብለው ፈረዱ!

ስምንት ወር አለፈ። መምህርት ስሜነሽ ዘወትር እሑድ ጠዋት፣ የሳምንቱ ሥራ ሲጀመር፣ በቢሮው በር ላይ ይቆሙ ነበር። አሥራ ሰባት ደብዳቤ ጻፉ። ዘሃቫ ዕብራይስጡን ስታርምላቸው አንድ ቀን ደከማትና «እማ፣ ተይው፤ አንድ የምርጫ ትምህርት ነው» አለቻቸው። እናቷ ያን ጊዜ ተቆጡ። «አንቺም?» አሉ። «አንቺም እንደነሱ? እነዚህ ልጆች ሦስት ዓመት ከመሬት በታች ተቀምጠው የተማሩት አንድ ነገር አይደለም?» ዘሃቫ ከዚያ በኋላ የቀሩትን ደብዳቤዎች ሁሉ አረመች። ሐሳቧ የተለወጠው በዚያ ቀን ነው።

ከትምህርት ቤቱ መምህራን አብራቸው የቆመች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የፈረንሳይኛ መምህርቷ ኤስቲ። ዘሃቫን ያስተማረችው እሷ ነች። የእሷም ክፍል ከሠላሳ ተማሪ ወደ ዘጠኝ ወርዶ ነበር። በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥታ «ዛሬ አማርኛን ቀላል የሚል ሰው ነገ ፈረንሳይኛን ትርፍ ይላል፤ ከናንተ ውስጥ ካደገ በኋላ አዲስ ቋንቋ ሀ ብሎ የጀመረ አለ? ሲማ ሦስት ጊዜ ጀምራለች» አለች። ስብሰባው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ሄደ።

በዚያ መሐል ልጆቹ ወደ ጦር ሠራዊት ገቡ። ናዖር ከመመልመሉ በፊት ለአውሮፕላን ጥገና የሙያ ኮርስ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር፤ ኮርሱ የተሟላ ባግሩት ይጠይቃል። ባግሩቱ በመሳቢያ ውስጥ ነበረ። መምህርት ስሜነሽ የኮርሱ ቀን ከመድረሱ በፊት ፖስታው እንዲከፈት ለምነው ነበር፤ ማንንም ለምነው የማያውቁ ሴት ስለነበሩ ይህን እንጽፈዋለን። አልተከፈተም። ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ናዖር ዛሬ ከወደቡ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሥራው የሚያሳፍር አይደለም። ግን የመረጠው እሱ አይደለም፤ መረጡለት።

ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2013 በመጨረሻ ድጋሚ ፈተና ተፈቀደ። ይህንንም የጠየቁት መምህርት ስሜነሽ ራሳቸው ናቸው። «የፈለጋችሁትን ፈታኝ አምጡ፤ የፈለጋችሁትን ጽሑፍ ስጧቸው፤ በሩ ክፍት ይሁን» ብለው ነበር። ከሌላ ከተማ አንድ አማርኛ አዋቂ ሽማግሌ መጡ። ኤስቲ ተቆጣጣሪ ሆነች። ምክትል ርእሰ መምህሩ በኋለኛው ወንበር ተቀመጡ። ከአሥራ አንዱ አሥሩ መጡ፤ ሰባቱ የወታደር ልብስ ለብሰው ነበር። ናዖርም መጣ፤ ለእሱ የሚመልስለት ነገር እንደሌለ እያወቀ መጣ።

በመጀመሪያ ኦዴል የምትባል ተማሪ ተነሣች። ሽማግሌው ከዚያ በፊት ያላየችውን ስለ ዝናብና ስለ አዝመራ የተጻፈ አንድ ገጽ ሰጧት። ቀጥ ብላ ቆማ አነበበች። ጠ የሚለውን ጠ አለች፤ ተ የሚለውን ተ አለች። ስትጨርስ ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ የት ተወለድሽ?» አሏት። «ሮቫ ዩድ ቤት፣ እዚሁ አሽዶድ» አለች። ምክትል ርእሰ መምህሩ ከኋላ ሆነው «ምን አለች? ሲማ፣ ምን እያለች ነው?» ብለው ጠየቁ። መምህርት ስሜነሽ ፊታቸውን ሳያዞሩ «የተቀጠርኩት ለማስተማር ነው፤ ማስተርጎም ከፈለግህ ጠዋት አንድ ሰዓት ሚክላት ውረድ፣ ቦታ አለ» ብለው መለሱ።

ውጤቱ ወጣ። ዝቅተኛው ሰማንያ ስድስት ሆነ፤ ከመጀመሪያው ሁለት ነጥብ ይበልጣል። ናዖር ዘጠና አራት አገኘ። ከትምህርት ቤቱ የመጣው ደብዳቤ ሁለት መስመር ነበር፤ ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ውጤቱ ጸድቋል። ይቅርታ የሚል ቃል በዕብራይስጥም አለ፤ እነሱ ግን አልጻፉትም።

በ2014 የበጋ ጦርነት ሳይረን ሲጮህ የሰፈሩ ሰው ያንን ሚክላት ሞላው። መመሪያው በአማርኛ የሚነገርበት ድምፅ ስላልነበረ መምህርት ስሜነሽ በሩ ላይ ቆመው ለሽማግሌዎቹ በአማርኛና በትግርኛ ሲያስረዱ ሰነበቱ። አንድም ሰው ይህ ቋንቋ ምን ይጠቅማል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

በ2015 የአማርኛው ክፍል «በፍላጎት ማነስ» ተዘጋ። መምህርት ስሜነሽ የተመዘገቡ አሥራ አራት ተማሪዎችን ፊርማ ይዘው ሄዱ፤ ወረቀቱን የተቀበላቸው የለም። በዚያው ዓመት ፈረንሳይኛም ተዘጋ። ኤስቲ እንደተናገረችው ሆነ። የሁለቱም ሰዓት ለኮምፒውተር ትምህርት ተሰጠ። እኛ ኮምፒውተር አንጠላም። ነገር ግን ልጅን የገዛ አያቱን አነጋገር እንዲረሳ አድርጎ ማሳደግ ትምህርት ነው የሚለንን ሰው አናምነውም። መምህርት ስሜነሽ ሥራቸውን ካጡ በኋላ በሮቫ ዩድ ቤት ማትናስ፣ በሰፈሩ የባህል ማዕከል፣ በሳምንት ሁለት ቀን ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በዚያ ከተማሩት መካከል የሠላሳ ዓመቷ ዘሃቫ አንዷ ነበረች። መናገሩን ትችላለች፤ ማንበብ ግን በመጀመሪያው ረድፍ ተቀምጣ ሀ ብላ ጀመረች። እናቷም ከሌሎቹ ሁሉ አብልጠው ይቆጧት ነበር።

ኖቬምበር 21 ቀን 2017 መምህርት ስሜነሽ በድንገት ወደቁ። በጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ቀኝ እጃቸው አልንቀሳቀስ አለ። ዕብራይስጡም ጠፋ። እንግሊዝኛውም ዐረብኛውም ትግርኛውም ጠፋ። የቀራቸው አማርኛ ብቻ ነበር፤ እሱ ግን ጥርት ብሎ፣ ከነምሳሌው ቀርቷል። ሆስፒታሉ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ቤተሰብ እንዳይገባ ከለከለ። በሦስተኛው ቀን ዘሃቫ ስትገባ በአልጋው እግርጌ የተሰቀለው ወረቀት ላይ «ከታካሚዋ ጋር መግባባት አይቻልም» ተብሎ ተጽፎ አገኘች። እናቷ ግን እየተናገሩ ነበር። «ግራ እግሬ፣ ግራ እግሬ ይቃጠላል፤ ኧረ የሰው ያለህ!» ይሉ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ይህንኑ ብለዋል። ሐኪሙ «ትናንት ሦስት ጊዜ ጠይቀናታል፤ አትመልስም» አለ።

ዘሃቫ «በምን ቋንቋ ጠየቃችኋት?» አለችው።

ሐኪሙ አንሶላውን ገለጠ። ግራ እግራቸው ሲታይ ደም ረግቶ አብጦ ነበር። እየጮኹ ሲናገሩ የሚያስቸግሩ መስሏቸው ሐኪሞቹ የሚያስተኛ መርፌ ሲወጓቸው ነበር የሰነበቱት።

ከዚያ በኋላ መምህርት ስሜነሽን ለአንድ ሰዓት እንኳ ብቻቸውን አልተውናቸውም። አቶ ማሐሪ ቀን ቀን፣ ልጆቹ ጋድና ሊራዝ ተራ በተራ ይቀመጡ ነበር። የዘሃቫ ልጅ ሬዑት አሥር ዓመቷ ነው። የምታውቀው አማርኛ ጥቂት ነበር። አንድ ቀን ብርጭቆ ይዛ ቀርባ «ውሃ ትጠጫለሽ?» አለቻቸው። አያቷ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ሳለ «ይጠጣሉ በይ! እኔ ጓደኛሽ ነኝ?» ብለው ጮኹባት። ሬዑት ደንግጣ «ይጠጣሉ?» አለች። «አዎ፣ እጠጣለሁ» ብለው ጠጡ። ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁሉ ሳቅን፤ እሳቸው አልሳቁም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በግራ እጃቸው ፊደል እየጻፉ ልጅቷን ያስተምሯት ጀመር። ሬዑት እስከ ረ ደርሳለች።

መምህርት ስሜነሽ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እሑድ ማርች 11 ቀን 2018 በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን አቶ ማሐሪን፣ ልጆቻቸውን ዘሃቫን፣ ጋድንና ሊራዝን፣ የልጅ ልጃቸውን ሬዑትን፣ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ያስተማሯቸውን ሁለት መቶ ስድስት ተማሪዎች ትተው ሄደዋል። አስከሬናቸውን ዛሬ የተሸከሙት ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ ከፊት በቀኝ በኩል ያለው ናዖር ነው።

ይህን ጽሑፍ አስቀድመው ያዩ ዘመዶች «በቀብር ላይ እንዲህ አይባልም፤ አለስልሱት» ብለውን ነበር። ተመካከርንና እንዳለ ተውነው። እሳቸው ሲያልፉ ስለ እሳቸው ለስላሳ ውሸት ከምንናገር ዝም ብንል ይሻል ነበር። ትናንት ከትምህርት ቤቱ ተደውሎ ምክትል ርእሰ መምህሩ በቀብሩ ላይ ጥቂት የምስጋና ቃል ለመናገር እንደሚፈልጉ ተነግሮናል። ቤተሰቡ ፈቅዷል፤ በአማርኛ ከሆነ። ይህ እስከታተመበት ሰዓት ድረስ መልስ አልመጣም።

የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ የመምህርት ስሜነሽ ተገኘን ነፍስ ከደጋግ አባቶችና እናቶች ጋር ያሳርፍ። በኡም ራኩባ ከቀረው ወንድማቸው ጋር ያገናኛቸው። አፈሩ ይቅለላቸው። ለአቶ ማሐሪ መጽናናትን ይስጥ። የመምህርታችንን ቁጣ ደግሞ ለእኛ ያውርሰን። አሜን።